ከጓንዡ የመጡ አራት ሥሮች፦ የትኛው ይፈላል፣ የትኛው አይነካም

ጥያቄው፦ «ወንድሜ ለንግድ ጓንዡ ሄዶ ሲመለስ የቻይና የባህል መድኃኒት ከሚሸጥበት ሱቅ አራት ዓይነት የደረቀ ሥር ይዞ መጣ። በየፌስታሉ ላይ ስማቸው ተጽፏል፦ ሁዋንግ ቺ፣ ዳንግ ጉዊ፣ ጋን ጻኦ እና ፉ ዚ። ሻጩ ‹ለደከመ ሰው ነው፤ አንድ ላይ አፍልታችሁ ጠጡ› ብሎታል። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት ጀምሮ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ሽንት የሚያሸናው ላሲክስና የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲንም አላት። ሰሞኑን ድካም በዝቶባታል። በጀበና ላፍላላት? ስንት ስንት ግራም? እኔስ 33 ዓመቴ ነው፣ ምንም መድኃኒት አልወስድም፤ ልጠጣው እችላለሁ?»

ከሚያጣድፈው ልጀምር። ለእናትዎ ከአራቱ አንዱንም አያፍሉላቸው። ፉ ዚ ተብሎ የተጻፈበትን ፌስታል ደግሞ አሁኑኑ ከማዕድ ቤት አውጥተው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። እሱ ለእርስዎም፣ ለወንድምዎም፣ ለማንም በቤት ውስጥ የሚፈላ ሥር አይደለም። እናትዎ ቀምሰውት ከሆነና ከንፈራቸውን ወይም ምላሳቸውን ከደነዘዛቸው፣ ካስመለሳቸው ወይም የልብ ምታቸው ከተዛባ፣ ማንበቡን ትተው ፌስታሉን ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

የቀረውን በእርጋታ ላስረዳ። ወንድምዎ የገዛቸው ሥሮች የተናቁ አይደሉም፤ አራቱም በቻይና መድኃኒት ውስጥ እጅግ የተከበሩ ናቸው። ስህተቱ ያለው «አንድ ላይ አፍልታችሁ ጠጡ» በምትለው ምክር ውስጥ ነው። በእኛም አገር ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የሚባለው አዋቂ፣ ሥሩን ሳያውቅና በሽተኛውን ሳያይ አይሰጥም። ቻይናዊው ሐኪምም የታማሚውን ምት በሦስት ጣቱ ሳይዝ፣ ምላሱንም ሳያይ አያዝም። ሻጩ የእናትዎን ምት አልያዘም፤ የሚውጡትንም እንክብል አላየም።

ፉ ዚ የአኮኒት ተክል የጎን ሥር ነው። ዋናው ሥር ቹዋን ዉ ይባላል፤ በጎኑ ተለጥፎ የሚያድገው ግልገሉ ፉ ዚ ነው፤ ስሙም «የተለጠፈ ልጅ» እንደ ማለት ነው። ስመ ጥሩው የሚመጣው ከሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ ከጂያንግዩ ነው። በቻይና መድኃኒት አቆጣጠር እጅግ «ሙቅ» ከሚባሉት ሥሮች አንዱ ሲሆን፣ እጅና እግሩ ለቀዘቀዘ፣ ላብ ላጠመቀውና ሊያልፍ ለደረሰ ሰው የሚታዘዝ ነው። መርዙ አኮኒቲን ይባላል። 2 ሚሊግራም ያህሉ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል። በልብና በነርቭ ሴሎች ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች ተከፍተው እንዲቀሩ ስለሚያደርግ፣ መጀመሪያ አፍና ጣት ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ልብ ምቱን ይስታል። ማርከሻ የለውም፤ ሆስፒታል የሚሠራው ልቡን እየተከታተለ ምቱን ማስተካከል ነው።

ታዲያ ቻይናውያኑ እንዴት ይጠጡታል? ውኃና ሙቀት አኮኒቲንን ስለሚሰባብሩት ነው። መጀመሪያ መርዝነቱ በመቶዎች እጥፍ ወደሚያንስ ነገር ይለወጣል፤ ማፍላቱ ሲቀጥል ከዚያም ወደ ደከመ ነገር ይወርዳል። ለዚህ ነው ሥሩ ከተቆፈረ በኋላ በመራራ የማዕድን ጨው ውኃ ለቀናት የሚዘፈዘፈው፣ ከዚያ የሚቀቀለው፣ የሚቆራረጠውና በእንፋሎት የሚበስለው። ሱቅ የሚደርሰው በጥቁር ወይም በነጭ ስንጥር መልክ ነው፤ ጨው የለበሰው ሙሉ ሥር ደግሞ ገና ያላለቀ፣ ሌላ ዝግጅት የሚጠብቅ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎለትም እንኳ የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መድበል ከ3 እስከ 15 ግራም ብቻ ይፈቅዳል፤ ሌሎቹ ሥሮች ከመጨመራቸው በፊትም ለብቻው ቀድሞ ለረጅም ጊዜ እንዲፈላ ያዛል። በተግባር ይህ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

እዚህ ላይ ሻጩ ሊያስበው የማይችለው የእኛ አገር ነገር አለ። ጓንዡ ከባሕር ጠለል እምብዛም ስለማትርቅ ውኃዋ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ያ የ8 ዲግሪ ልዩነት መርዙ የሚሰበርበትንም ፍጥነት ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ጓንዡ ውስጥ የሚበቃው ደቂቃ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አስመራ ላይ አይበቃም። ቻይና ውስጥም ከፍተኛ ቦታ ላይ ባለችው ዩናን አኮኒት ከሥጋ ጋር ቀቅለው የሚበሉ ሰዎች መመረዝ የታወቀ ነገር ነው። ሌሎቹ የሚደጋገሙ ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦ ከሌሎቹ ጋር እኩል መጨመር፣ እየፈላ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሮ ሙቀቱን መስበር፣ ብዙ ሥር በትንሽ ድስት ማጨቅ። ከሁሉም የከፋው በአረቄ መዘፍዘፍ ነው። አልኮሉ መርዙን ከሥሩ አሟጥጦ ያወጣዋል፣ ሙቀት ስለሌለ ግን አይሰብረውም፤ አንድ መለኪያ እንኳ ሰው ሊገድል ይችላል። በፌስታሉ ውስጥ ያለው በደንብ የተዘጋጀ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም። «ቀምሼ ካልደነዘዘኝ ደህና ነው» የሚለውንም ዘዴ አይሞክሩት።

ጋን ጻኦ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ጣፋጭ ሥር ነው። በእንግሊዝኛው ሊኮሪስ የሚባለው ነው፤ በግብፅና በአረብ አገሮች የኖሩ ወገኖች በረመዳን የሚጠጣውን ዒርቅ ሱስ ያውቁታል፤ ዝርያው የቅርብ ዘመድ ነው። በቻይና የመድኃኒት ቅልቅሎች ውስጥ እንደ እሱ የሚደጋገም ሥር የለም፤ የሌሎቹን ጉልበት ያስታርቃል፣ ጣዕምንም ያለዝባል ይባላል። ከፉ ዚ ጋር መግባቱም የሻጩ ፈጠራ አይደለም፤ ፉ ዚ፣ ደረቅ ዝንጅብልና ጋን ጻኦ አንድ ላይ የሚፈሉበት ከ1,800 ዓመት በፊት የተጻፈ ቅልቅል አለ።

ለእናትዎ ግን ጋን ጻኦ የሚያመጣው ነገር ግልጽ ነው። ግሊሲራይዚን የተባለው ጣፋጭ ንጥረ ነገር፣ ኩላሊት ውስጥ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን የሚያከሽፈውን ኤንዛይም ያግደዋል። ያን ጊዜ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ፖታሲየምን ወደ ሽንት ይለቃል። እግር ያብጣል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ጡንቻ ይዝላል። ላሲክስም በበኩሉ ፖታሲየም ያወጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ፖታሲየም ይወርዳል፤ ፖታሲየም ሲወርድ ደግሞ ትናንት ልክ የነበረው የዲጎክሲን መጠን ዛሬ መርዝ ይሆናል። በቁጥር እንየው። የቻይና መድበል የደረቀው ጋን ጻኦ ቢያንስ 2 በመቶ ግሊሲራይዚን አሲድ እንዲኖረው ይጠይቃል። 10 ግራም ሥር 200 ሚሊግራም ይዟል ማለት ነው። በአውሮፓ ለጤነኛ ሰው የተመከረው ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ነው። ሁሉም ወደ ውኃው ባይወጣ እንኳ፣ ልበ ሕመምተኛ የሚጫወትበት ቁጥር አይደለም።

ዳንግ ጉዊ ከዋርፋሪን ጋር በቀጥታ ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የሕክምና ዘገባ፣ ዋርፋሪኗ ተስተካክሎ የቆየ የ46 ዓመት ሴት ለ4 ሳምንት ዳንግ ጉዊ ስትወስድ ደሟ የሚረጋበት ጊዜ ከእጥፍ በላይ እንደዘገየ፣ ሥሩን ካቆመች ከአንድ ወር በኋላም ወደ ቦታው እንደተመለሰ መዝግቧል። ሌላ ምንም የተቀየረ ነገር አልነበረም። የቫልቭ ታማሚ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው፤ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ሲወጣ አንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል፣ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ነገሩ በዳንግ ጉዊ ብቻ አይቆምም። ዳን ሼን የተባለው ቀይ ሥር ዋርፋሪንን አብዝቶ በማጉላት የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ ጂንሰንግ በተቃራኒው ያዳክመዋል። «ሥር ነው፣ ምን ያመጣል» ብሎ ለዋርፋሪን ተጠቃሚ የሚሰጥ ሰው የትኛውን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ነው የሚሰጠው። ሁዋንግ ቺውም ከአራቱ የዋህ ቢሆንም፣ የልብ ሐኪማቸው ሳያውቅና የደም ምርመራ ቀጠሮ ሳይያዝ አይጀመርም።

ለእናትዎ ያለኝ ምክር ሌላ ነው፣ እባክዎ አያቅልሉት። ቫልቭ የተቀየረለት ሰው አዲስ ድካም ሲመጣበት ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ የደም ማነስ፣ የፖታሲየም መውረድ፣ የዲጎክሲን መብዛት፣ የልብ መድከም ወይም የቫልቩ ችግር ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት ክትትላቸው ወዳለበት ይሂዱና አይኤንአር፣ ሄሞግሎቢን፣ ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይሠራላቸው፤ ኤሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድም ይታዩ። ሥሩን ቀድመው ጠጥተው ከሆነ አይሸሽጉ፤ ስሙንና ስንት ቀን እንደጠጡ ለሐኪሙ ይንገሩ። ብዙ ሰው ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ የሚደብቀው ይህን ነው፤ የሚያስቆጣው መደበቁ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። ምንም መድኃኒት የማይወስዱ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ፣ የወር አበባ ደማቸው የማይበዛ፣ ትኩሳት የሌለባቸውና በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የማይጠብቃቸው ከሆኑ፣ ከአራቱ ሁለቱ ለእርስዎ የሚስማሙ ናቸው፦ ሁዋንግ ቺ እና ዳንግ ጉዊ። ሁለቱ ብቻቸውን የሚገቡበት ጥንታዊ ቅልቅል አለ፤ ሊ ዶንግዩዋን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1247 የጻፈው ነው። ሁዋንግ ቺ 30 ግራም፣ ዳንግ ጉዊ 6 ግራም፤ 5 ለ1 ማለት ነው። ስሙ «ደም የሚተካ የዳንግ ጉዊ መረቅ» ይባላል፣ ግን አብዛኛው ሁዋንግ ቺ ነው። ምክንያታቸው ቺ የሚሉት የሰውነት ጉልበት ሲበረታ ደም ይከተለዋል የሚል ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠሩ የቤተ ሙከራ ጥናቶች የተለያየ ምጣኔ ሞክረው ከሥሮቹ የሚፈለገው ነገር በደንብ የሚወጣው በ5 ለ1 ላይ መሆኑን አይተዋል፤ የድሮው ሐኪም ሚዛኑን በከንቱ አልወሰነም። ይህ ቅልቅል ግን የብረት ማነስን አይተካም። ድካምዎ ከደም ማነስ ከሆነ ሄሞግሎቢንዎን ያስለኩ፤ ብረት የጎደለው ሰው ብረት ነው የሚያስፈልገው።

ግራሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በድሮ ጽሑፍ «ቺየን» የሚባል መለኪያ ያጋጥማል። በመድኃኒት አዋቂዎች ዘንድ 1 ቺየን 3 ግራም ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ትእዛዝ በግራም ይጻፋል። በገበያ ሚዛን ግን 1 ሊያንግ 50 ግራም፣ አሥረኛው ቺየን ደግሞ 5 ግራም ነው። የመድኃኒቱን በገበያው ሚዛን ያነበበ ሰው ከታዘዘው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያፈላል። በሲኒ ወይም በእፍኝ አይስፈሩ፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይጠቀሙ።

ከማፍላትዎ በፊት ሥሩ ስሙን የሚመስል መሆኑን ይዩ። ጥሩ ሁዋንግ ቺ ሲቆረጥ መሐሉ ቢጫ፣ ዳሩ ነጭ ነው፤ ቻይናውያኑ «የወርቅ ጉድጓድ፣ የዕንቁ አጥር» ይሉታል። ከመሐል ወደ ዳር የሚዘረጉ ጨረሮች አሉት፣ ሲሰበር ጭረቱ እንደ ቃጫ ይጎተታል። የጥራጥሬ ወገን ስለሆነ ሲታኘክ ጣፍጦ መጨረሻው ላይ ጥሬ ባቄላ ባቄላ ይላል። ሲታኘክ የሚያዳልጥ፣ ልጥልጥ ያለ ከሆነ በሌላ ተክል ሥር ተተክቶ ይሆናል። በስሙም ይጠንቀቁ፦ «ሁዋንግ ቺን» የሚባል፣ መጨረሻው ላይ «ን» ብቻ የሚጨምር ሌላ ሥር አለ። ያኛው ብጫው ጎልቶ የሚታይ፣ በጣም መራራና «ቀዝቃዛ» የሚባል፣ ለትኩሳት የሚታዘዝ ሥር ነው፤ ድካምን አያነሳም። (የዚህ የመራራው ሥር ነገር ይገርማል፤ ለመቆራረጥ በቀዝቃዛ ውኃ ካረጠቡት የራሱ ኤንዛይም ያጠቃውና አረንጓዴ ይሆናል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ስለዚህ የሚለሰልሰው በእንፋሎት ነው። አረንጓዴ የሆነ ካዩ አይግዙ።)

ዳንግ ጉዊ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ፌስታሉ ሲከፈት ቅባት ያለው፣ ሴለሪ የሚመስል ጠንካራ ሽታ ቤቱን ካልሞላ አርጅቷል። የቁራጩ ፊት ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ሆኖ ቡናማ የዘይት ነጠብጣብና አንድ ቡናማ ቀለበት አለው። ስመ ጥሩው የጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ የሚን አውራጃ ነው፤ እዚያ በጭስ ላይ ቀስ ተብሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ጭስ ጭስ ማለቱ ጉድለት አይደለም። ተክሉ ያለጊዜው ካበበ ሥሩ እንጨት ይሆናል፤ ደረቅ እንጨት የመሰለ፣ ቅባት የሌለው ቁራጭ ከዚያ የመጣ ነው። የቻይና አዋቂዎች ራሱን፣ አካሉንና ጭራውን ለይተው ይጠቀማሉ። አካሉ ደም ይተካል፣ ቀጫጭኑ ጭራ ደም ያንቀሳቅሳል ይላሉ። ለእርስዎ የሚሆነው ሰፊው ቁራጭ ነው፤ ከፌስታሉ ሥር የተጠራቀመውን ጭራ ይተዉት።

ሁለቱም ከልክ በላይ ነጭና የሚያምሩ ከሆኑ፣ ሽታቸውም አፍንጫ የሚወጋ፣ ጣዕማቸው ኮምጠጥ ያለ ከሆነ በድኝ ጭስ ታጥነዋል። ነጋዴ ይህን የሚያደርገው እንዳይነቅዙና እንዲያምሩ ነው። የቻይና መድበል ለአብዛኞቹ ሥሮች በኪሎ 150 ሚሊግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጣሪያ አስቀምጧል። አስም ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ጨርሶ አይጠጣ።

ጀበናው ይቅር። ሸክላነቱ ትክክል ነው፣ ቻይናውያኑም የሚመርጡት ሸክላ ነው፤ የጀበና አንገት ግን ጠባብ ስለሆነ ሥሩ አይገላበጥም፣ አተላውም አይወጣም። ዳንግ ጉዊ አንዴ የገባበት ጀበና ደግሞ ቡናውን እስከ ወዲያኛው ያሸትተዋል። ንጹሕ የሸክላ ድስት፣ ያልተላጠ የኢናሜል ድስት ወይም አይዝጌ ብረት ይጠቀሙ። ተራ ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም አይሆንም፤ ከሥሩ አሲዶችና ታኒን ጋር ይዋሃዳሉ፣ በብረት የፈላውም ይጠቁራል።

30 ግራሙን ሁዋንግ ቺ እና 6 ግራሙን ዳንግ ጉዊ በቀዝቃዛ ውኃ አንዴ ብቻ አለቅልቀው ያፍስሱ። አይሹት፣ በማለቅለቂያው ውኃም አያቆዩት፤ የሚሟሟው አብሮ ይሄዳል። ድስቱ ውስጥ ጨምረው 600 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው ከሥሩ በላይ ሁለት ሦስት ጣት መቆም አለበት። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆይ። ይህ መቆየት ሰው ሁሉ የሚዘልለው፣ ግን መረቁን የሚወስነው እርምጃ ነው። ደረቅ ሥር በቀጥታ የፈላ ውኃ ካገኘው፣ ላዩ ላይ ያለው ስታርችና ፕሮቲን ይረጋና እንደ ቅርፊት ይዘጋዋል፤ መሐሉ ሳይለቅ ይቀራል። ከዚያ በተዘፈዘፈበት ውኃ በኃይለኛ እሳት ያፍሉት፤ ሲገነፍል እሳቱን ዝቅ አድርገው፣ ክዳኑን ገጥመው 40 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ደጋ ላይ ካሉ 50 ይሁን። ክዳኑ የሚያስፈልገው የዳንግ ጉዊ ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር እንዳያመልጥ ነው። 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲቀር በነጠላ ወይም በማጥለያ ያጥልሉት። ሥሩን አይጣሉት፤ 400 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ጨምረው ሌላ 30 ደቂቃ ያፍሉት፣ ይህም ወደ 200 ይወርዳል። ሁለቱን ይቀላቅሉ። የመጀመሪያው ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀጭን ስለሚሆን ቀላቅሎ ለሁለት መክፈሉ የጠዋቱንና የማታውን እኩል ያደርገዋል። ለብ እንዳለ ይጠጡት፤ ጨጓራ ካለብዎ ከምግብ በኋላ፣ ከሌለ ከምግብ በፊት። ተርፎ ያደረውን ይድፉት፤ ያረረውንም ውኃ ጨምረው አያድኑት፣ ይድፉት።

በቀን አንድ ጊዜ የተፈላ፣ ለ7 ቀን ይበቃል። ከዚያ ቆም ብለው ራስዎን ይዩ። ሆድ ከነፋዎት፣ ተቅማጥ ካለ፣ አፍ ከደረቀ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ፊት ላይ ሙቀት ከተሰማዎት ያቁሙ፤ ዳንግ ጉዊ ዘይታም ስለሆነ ሆድ ያላላል፣ ሁዋንግ ቺውም ሆድ ይነፋል። ጉንፋን ከያዘዎ እስኪለቅቅ ይተዉት። ሽፍታ፣ የዓይን መቢጨት ወይም ጠቆር ያለ ሽንት ካዩ ግን ማቆም ብቻ አይበቃም፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሆድዎ የሚነፋ ከሆነ ሁዋንግ ቺውን በማር ማመስ ይቻላል፤ ለሆድ ይለዝባል የሚባለው ይህ ነው። 100 ግራም ሥር ለ25 ግራም ማር። ማሩን በትንሽ የፈላ ውኃ ያቅጥኑት፣ ሥሩን ይለውሱት፣ ማሩ እስኪጠጣ ሸፍነው ያቆዩት። ከዚያ በዝቅተኛ እሳት ቢጫው እስኪደምቅና በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ያምሱት። እሳቱ ከበዛ ማሩ ያርራል፣ መራራ ይሆናል። ቀዝቅዞ ካልታሸገ ደግሞ እርጥበት ይስብና ይሻግታል።

እንዲህ ያለው ዝግጅት ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልዎ። አንዱን ሥር ሁለት መድኃኒት የሚያደርገው እሱ ነው። ዳ ሁዋንግ የተባለው የሩባርብ ሥር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ከተጨመረ ሆድ አጥቦ ያወጣል፣ ረጅም ከፈላ ጉልበቱ ይበርዳል፣ እስኪከስል ከታመሰ ደም ለማቆም ይሰጣል። ሄ ሾው ዉ የተባለው ለጸጉር የሚሸጥ ሥር በጥቁር ባቄላ ውኃ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ነው፤ ጥሬው ጉበት በመጉዳት የታወቀ ነው፣ የተዘጋጀውም ቢሆን ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። ወንድምዎ በሚቀጥለው ጉዞ እሱን እንዳያመጣ ይንገሩት።

በስም ብቻ መግዛት ምን እንደሚያደርስ ብራስልስ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ በሚሰጠው እንክብል ውስጥ ሃን ፋንግ ጂ የተባለ ሥር መግባት ነበረበት። የገባው ግን ጓንግ ፋንግ ጂ፣ ሌላ ተክል፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለው ሥር ነበር። ሁለቱም በአጭሩ «ፋንግ ጂ» ይባላሉ። 100 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ዲያሊሲስና ንቅለ ተከላ ደረሱ፣ ከዓመታት በኋላም በሽንት መተላለፊያቸው ካንሰር የወጣባቸው ነበሩ። ቻይና ራሷ ጓንግ ፋንግ ጂ የተባለውን ሥር እ.ኤ.አ. በ2004 ከመድኃኒት ዝርዝሯ አስወጥታዋለች።

ሌላው ለእኛ ቅርብ ነው። ሻንግ ሉ የተባለ ወፍራም ሥር እንደ ጂንሰንግ ተቆጥሮ ሰዎች ይመረዙበታል፤ ማስመለስና ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል። ይህ ተክል የእንዶዳችን የቅርብ ዘመድ፣ የአንድ ወገን ልጅ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲገድል ያዩት ያ እንዶድ። ሥሩን ቆርጠው ሲያዩ ሻንግ ሉ እንደ ሽንኩርት አንዱ በሌላው ውስጥ የተደራረቡ ብዙ ቀለበቶች አሉት፤ ጂንሰንግ ግን አንድ ቀለበት ብቻ ነው ያለው፣ አንገቱም ላይ የየዓመቱ ግንድ የወደቀበት ጠባሳ ተደርድሮ ይታያል። የማያውቁትን ሙሉ ሥር «ጂንሰንግ ነው» ብሎ ለሚሰጥዎ ሰው ቆርጠው ያሳዩት።

አሁን ፌስታሎቹን እንለይ። ፉ ዚውን ውሻና ልጅ በማይቆፍሩበት ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ከነፌስታሉ ይቅበሩት፣ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ወንድምዎ ለሌላ ዘመድ አካፍሎ ከሆነ ዛሬውኑ ይደውልላቸው። ጋን ጻኦውን እርስዎ ግፊት ከሌለብዎ ለጉሮሮ ማሳከክ 3 ግራም አፍልተው ለሁለት ሦስት ቀን መጠጣት ይችላሉ፤ ስሙን ጽፈውበት ከእናትዎ ሻይ ቅመም ለይተው ያስቀምጡት፣ ጣፋጭ ስለሆነ ተሳስቶ የሚገባው እሱ ነው። ሁዋንግ ቺው በታሸገ ጠርሙስ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ነቀዝ ስለሚወደው በየወሩ ይዩት። ዳንግ ጉዊው ዘይት ስላለው በክረምት ቶሎ ይሻግታልና ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፤ ሲከፍቱት ያ ጠንካራ ሽታ ከሌለ አያፍሉት።